ከበሮውና የአባባ መዳፍ

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ከበሮውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ገላን ኮንዶሚኒየም ያለችው ጠባብ በረንዳችን ላይ አወጣሁት፤ እርጥበት የጠጣ ቆዳ ሙቀት ሲነካው የሚያወጣው ሽታ፣ በረት በረትም ጢስ ጢስም የሚለው፣ አፍንጫዬን ሲሞላው ላሰጣው የያዝኩትን አንሶላ እንዳቀፍኩ ቁጭ አልኩ። ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት ሰምታ መጥታ ከበሮ መማር ለአእምሮ ይጠቅማል፣ ለትኩረት ይጠቅማል እያለች ታስረዳኛለች። ይጠቅም ይሆናል፣ እኔ ምን አውቄ። እኔን የጠቀመኝ በአንድ ነገር ነው፤ ከአባቴ ጋር አነጋግሮኛል።

አባባ አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር፤ የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮውን ቀስ በቀስ በላው። እዚያ ክፍል ሰዎቹ የሚያወሩት በከንፈርና በጣት ነበር አሉ፤ ቤት ሲመጣ ግን የራሱ ድምፅ ስለማይሰማው በሹክሹክታ የነገረን እየመሰለው የቤታችንን ገመና ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማ ነበር፤ ያኔ እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች። መጀመሪያ እንስቅ ነበር። በኋላ ግን ዕድር መሄዱን ተወ፤ ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ መሳቅ ሰለቸው። ከሥራ ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ያያል፣ ብንጠራው አይዞርም። አባቴ እዚያው ቤታችን ተቀምጦ ናፈቀኝ።

ከበሮ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር፣ እሳቸው በርበሬ ነጋዴ፤ የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም፣ እሳቸው ያልመቱበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ለከበሮ ሳልበቃ ክረምቱን ሙሉ የልብስ ሳፋ ገልብጠው አስደበደቡኝ፣ እናቴም ራሷን ይዛ ከረመች። እሳቸው እየዘፈኑ ያለማምዱኛል፣ እኔ ደግሞ እቸኩላለሁ፤ እትዬ ዘይነባ እጄን ቀብ ያደርጉና ዘፋኟን ስሚያት እንጂ፣ ለብቻሽ የት ልትደርሺ ነው ይሉኛል። ሰው ማዳመጥ የለመድኩት ያኔ ነው፤ ዛሬም ባለቤቴ ሲያወራ አላቋርጠውም፣ እሱ ፍቅር ይመስለዋል።

በመጨረሻ አሮጌ ከበሯቸውን ሰጡኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ አስቀምጬው ስመታ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ አባባ ከደጃፉ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ታከተው መሰለኝ፣ ተነስቶ መጣና በመዳፉ ደግፎ ያዘልኝ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳልመታ ፊቱ ተለወጠ። ደንግጬ አቆምኩ።

«ምቺ» አለኝ።

መታሁ። ሌላ አምጪ አለኝ፤ ምቱን ለውጬ ሙሽራ ሲወጣ የሚዘፈነውን መታሁለት። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዜማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ግቢውን በሚያናጋ ድምፅ ያንኑ ዘፈን መዝፈን ጀመረ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከበሮውን ሆነ፤ ፈተና የወደቅኩ ቀን፣ ከጓደኛ የተጣላሁ ቀን፣ መዳፉን አሳርፎ ጥቂት ይቆይና ዛሬ ምን ሆነሻል ይለኛል። ከዚያ እሱ ከንፈሬን እያየ፣ እኔ ሳላቋርጥ እየመታሁ እነግረዋለሁ።

በእኛ ወግ ሙሽራ ከበሮ አትነካም፤ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። በሰርጌ ቀን የጎረቤት ልጅ እየመታች ሳለ አባባ አዲሱን ሱፉን ለብሶ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ መዳፉን ከበሮው ላይ አሳረፈ፣ ጥቂት ቆይቶም አነሳው። ወደ እኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ «አንቺ ካልመታሽልኝ ሰርግሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። አክስቴ ነውር ነው ብላ ቬሎዬን ጎተተችኝ። እትዬ ዘይነባ ግን ከበሮውን ከልጅቷ ተቀብለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። መታሁለት። አባባ አንድ እጁን ሳያነሳ እስክስታ ወረደ። የባለቤቴ ዘመዶች ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሙሽራ ናት እንዳሉ በኋላ ሰማሁ፤ ይበሉ።

ገላን ከገባን በኋላ እሑድ እሑድ ከበሮዬን ተሸክሜ በሚኒባስ አቃቂ እወርድ ነበር፤ ረዳቱ ይሄኛው መንገደኛ ደግሞ የት ነው የሚወርደው እያለ ይቀልድብኛል። አባባ ከደጃፍ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ገባ፤ መጨረሻ ላይ መዳፉን እኔው አንስቼ ነበር የማሳርፍለት። ከዚያ በሳምንቱ መሐል፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ሁሉም ጮኾ ጠራው። እናቴ በስሙ ጠራችው፣ ወንድሞቹ ደረታቸውን እየመቱ ጠሩት፣ አክስቴም ገፋ አድርጋኝ «ጥሪው እንጂ ልጄ፣ አባትሽን ጥሪው» አለችኝ። አባባ ድምፄን ከሰማ ስንት ዘመኑ፣ በምን ልጥራው? ባለፈው እሑድ እዚያው ትቼው የሄድኩት ከበሮ ከበሩ ኋላ ነጠላ ለብሶ ቆሟል፤ ለቅሶ ቤት ግን ከበሮ አይመታም፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘይነባ ጉልበቴ ላይ ያሉትን እጆቼን በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ያዙልኝ።

ያ ግቢ ዛሬ ፈርሷል፣ እትዬ ዘይነባም ልጃቸው ዘንድ ኮዬ ፈጬ ገብተዋል፣ ሰርጉም በስፒከር ሆኗል። ያሳዝነኛል፣ ግን ይለመዳል። ያቺ ቀን ናት አልለመድ ያለችኝ። ሰው ሁሉ አባባን በማይሰማው ድምፅ ተሰናበተው፤ እሱ የሚያውቀው የእኔን እጅ ነበር፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ሸኘሁት።