አሸንዳ ያልገጠመው አስታራቂ

ተዋቸው ጡረታ የወጣው በሚሌኒየሙ ማግስት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ይዞ ሰውን «ነገ ና» ሲል የኖረ ነው። በወጉ «አንቱ» ልለው ይገባኝ ነበር፤ ፊት ለፊትም «አያ ተዋቸው» ነው የምለው። አጥር ለአጥር የምንጎራበት ስለሆንን ግን ብዙ ነገር አይቻለሁና እዚህ ላይ እንኳ «አንተ» ብዬ ልረፍ።

ቤት በዋለ በሳምንቱ ሽማግሌ ለመሆን ቆረጠ። በእኛ በቆቦ ሽማግሌ የሚባለው ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ አይደለም። የተጣላ የሚያስታርቅ ነው፤ ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ደም የሚያደርቅ፣ ሰው የሞተበትን ቤትና የገዳዩን ቤት አስማምቶ በቀሉን የሚያስቆም ነው። ተዋቸው የፈለገው ይህን ትልቁን ነው፤ እንደ ደረጃ ዕድገት በደብዳቤ የሚሰጥ መስሎት። ገበያ ወጣና ከዘራ፣ ጭራና ወፍራም ጋቢ ገዛ። በዚያ በቆላ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ዝንብ በሌለበት ጭራውን እያወዛወዘ ዋናውን መንገድ ይመላለሳል። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ይስቁበት ነበር።

ያን ጊዜ የአገሩ ዋና አስታራቂ ሼህ ሙሄ ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ተዋቸው ሄደና «የደም ሽምግልና ላይ አስቀምጡኝ» አላቸው።

«እኔ የጀመርሁ ለአባቶች የእጅ ውሃ በማቅረብ ነው» አሉት። «አፌን ይዤ መስማት እስክለምድ ብዙ ክረምት አለፈ። አንተም ኢንሻአላህ ከባልና ሚስት ጀምር።»

እያጉረመረመ ጀመረ። አንዲት ጎረቤታችን ከባሏ ተጣልታ ሽማግሌ ሲቀመጥ እሱም ተጠራ። ዘግይቶ ደረሰ፤ ዘግይቶ መድረስ የትልቅ ሰው ምልክት ይመስለዋል። ባል ተናግሮ ሲጨርስ ሴትዮዋ አፏን ሳትከፍት ብድግ ብሎ ፈረደባት፤ ስለ ትዳር ክብርም ረጅም ንግግር አደረገላት። በማግስቱ ልጇን አዝላ ጎብዬ ከተማ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ቀጥሎ ማሽላ የበላች ፍየል ነገር መጣ። እዚያ ላይ ከፍየሏ ባለቤት ጋር ራሱ ተሰዳደበና ሽማግሌዎቹ የፍየሏን ነገር ትተው እሱን ሲገላግሉ ዋሉ።

«እኔ የፍየል ዳኛ አይደለሁም» ብሎ ከዚያ ወዲህ ትንንሹን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወው። ፍየል ያቃተው ሰው መሆኑን የነገረው የለም። እኔ ልነግረው ነበር፤ እናቴ ከለከለችኝ።

አሁን ወደ አሸንዳው ልምጣ። ተዋቸውና ታናሽ ወንድሙ ቻላቸው ከአባታቸው በወረሱት አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ቻላቸው ገበሬ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በግድ ነው። ተዋቸው ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ ውሃ መውረጃ አሸንዳ አልገጠመለትም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከጣራው የሚወርደው ውሃ በቀጥታ የወንድሙ ጎተራ ላይ ያርፋል። ማሽላው ሻገተ። ቻላቸው አንድ ቀን መጥቶ «አያ፣ አሸንዳ ብታስገጥምበት» አለው፤ በአጥሩ በኩል እየሰማሁ ነው። ተዋቸው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ዝናቡን እኔ አላዘነብሁት!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ። የእናታቸውን ተዝካር እንኳ በአንዱ ግቢ ሁለት ዳስ ጥለው ነው ያወጡት። እኛ ጎረቤቶች ለይሉኝታ ከሁለቱም ዳስ በላን።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ የፋንታዬ ልጅ ማስተዋል ሞተ። ከተራራው የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠልፉ፣ ተራው የእኔ ነው የለም የእኔ ነው ተባብለው፣ የታምሬ ልጅ በዱላ መታው። ልጁ ታሰረ። አባቱ ታምሬም እንደ ወጉ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዋጃ ሸሸ፤ ደሙ ሳይደርቅ ቆቦ ቢታይ የእኛ ወንዶች ይገድሉት ነበር። ማሳው ሁለት ክረምት ጦሙን አደረ። ሼህ ሙሄ በአክስቴና በታምሬ መካከል ሲመላለሱ ከርመው፣ አክስቴ በመጨረሻ ለመቀመጥ እሺ አለች። ቀኑ ተቆረጠ። ቀኑ ሲደርስ ሼህ ሙሄ ታመሙና ለሕክምና ወደ ደሴ ተወሰዱ።

«እኔ አለሁ!» አለ ተዋቸው። የቀሩት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩና ቦታውን ለቀቁለት። እነሱንም ይቅር አልላቸውም፤ ከዘራና ጋቢ አይተው ነው አፋቸውን የዘጉት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግራር ሥር ተሰበሰብን። ታምሬ ከዋጃ መጥቶ፣ እስኪጠራ ድረስ ከቁልቋሉ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። እኔ ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ቻላቸውም እንደ አገሩ ሰው መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። ተዋቸው ተነሣና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች! ወደ ዕለቱ አጀንዳ ከመግባታችን በፊት…»

«አያ ተዋቸው» አለች አክስቴ፣ «መጀመሪያውን ዘለሉት።»

«የምን መጀመሪያ?»

በእኛ ዘንድ ጠቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አስታራቂ ሁሉ ነገር ሳይጀምር «የተኳረፍሁት ሰው የለም» ብሎ በሰው ፊት ይናገራል። የተኳረፈው ሰው ያለው ግን ከሽምግልናው ይነሣል። በፍየል ጠብ እንኳ ይህ አይቀርም። ተዋቸው ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም።

አክስቴ ስትነግረው ሳቀ። «እሱ ለተራ ጠብ ነው፣ እኅቴ። እኛ የመጣነው ለደም ነው።» ሰው ሲያጉረመርም ጊዜ እጁን አወናጨፈ። «እሺ፣ እሺ! የተኳረፍሁት ሰው የለም። እንቀጥል።»

የሁላችንም ዓይን ወደ ቻላቸው ዞረ። እሱ በስንጥር መሬቱን ይጭራል። «ቻላቸው፣ እውነት ነው?» አለችው አክስቴ።

«እኔን አትጠይቁኝ» አለ ቀና ሳይል።

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «እኔ ሆዴን ለምኜ፣ ለምኜ፣ ዛሬ እዚህ አደረስሁት። ይህ ሰው ለአንድ ቆርቆሮ አሸንዳ ሆዱን አልለመነም። የልጄን ደም በእሱ እጅ አልሰጥም። እነዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ እኔን እንዳትጠሩኝ!» አለችና ሄደች። ታምሬ ከቁልቋሉ ጀርባ ሁሉንም ሰምቷል። ጎንበስ እንዳለ ወደ ዋጃ ተመለሰ። ማሳው ሦስተኛ ክረምት ጦሙን አደረ።

ተዋቸው ምን ተሰማው? ምንም። «ሕዝቡ አልነቃም» እያለ በየሻይ ቤቱ አወራ። ሼህ ሙሄ አገግመው ሲመለሱ አስጠርተው ለመኑት፤ «ወንድምህን አናግር፤ ታምሬ አገሩ መግባቱ በአንተ እጅ ሆኗል» አሉት። «እሱ ታናሽ ነው፤ እሱ ይምጣ» አለ። «የተናገርሁት ስሕተት ነበር» ማለት ከሚመጣበት፣ የታምሬ ልጆች ዋጃ መንገድ ዳር ቢያረጁ ይመርጣል።

መጨረሻ ላይ የመጣው ቻላቸው ነው። የተበደለው እሱ! አንድ ጠዋት መሰላል አስደግፎ፣ በራሱ ገንዘብ የገዛውን አሸንዳ በወንድሙ ጣራ ላይ ሲመታ አየሁት። ተዋቸው ከቤት ወጣና በጭራው እየጠቆመ «ጠመመ፤ ወደ ግራ ሳበው» አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ቻላቸው ወደ ግራ ሳበው። ከሰዓት በኋላ ቻላቸው ሼህ ሙሄ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ፣ እሱን የበደለው ወንድሙ እግር ላይ ወደቀ። ተዋቸውም ጋቢውን ሰብስቦ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለ።

«እንዴት አስቻለህ?» አልሁት ቻላቸውን፣ ንድድ ብሎኝ።

«አንቺዬ፣ ገበሬ ነኝ» አለኝ። «በዚያ ባዶ ማሳ አጠገብ ማለፍ አቃተኝ።»

በዚያው ወር አክስቴ ግራሩ ሥር ተቀመጠች። ሼህ ሙሄ ተዋቸውን የእጅ ውሃ እንዲያቀርብ ጠየቁት፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ታምሬ ቆቦ ገባ፤ በክረምቱ ጎርፍም ማሽላ አበቀለ።

ዓመት ሳይሞላ ተዋቸው «ያን ደም ያደረቅሁት እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ። አንድ ለቅሶ ላይ አክስቴን አገኛትና ሰው እየሰማ «መቼም እኔ ባልኖር ይህ እርቅ አይሆንም ነበር፣ አይደል ፋንታዬ?» አላት።

«እውነትዎን ነው» አለች አክስቴ። «ታምሬን ይቅር ያልሁት እርስዎን እያየሁ ነው። እንደ እርስዎ ሆኜ እንዳላረጅ ፈርቼ።»

ለቀስተኛው አቀረቀረ። ተዋቸው ጭራውን አንድ ጊዜ አወዛወዘና ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ? በአንደበቷ መሰከረች» አለኝ።