በጎን የተሣሉ ነገሥታት

ሥዕል አስተርጓሚ አይፈልግም ይባላል። ይፈልጋል። አስተርጓሚ ያጣ ሥዕል ሰውን ሲያስቀይም አይቻለሁ፤ የተቀየመውም አባቴ ነው።

ካቻምና ክረምት አባቴ የግራ ዓይኑን አጣ። የባሕር ዳር ሐኪሞች ካልወጣ ሕመሙ ወደ ሌላው ይሻገራል አሉ፤ ወጣ። ሕመሙን አላማረረም። ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ግን እንጅባራ ዳር ካለው ቤቱ መውጣት ተወ። ሰው ሲመጣ ጋቢውን በግራ ፊቱ ላይ ይጥላል። ዕድሜውን ሁሉ ፈረሰኛ የነበረ ሰው፣ ፈረሱን ከቀርከሃው አጥር ሥር አስሮ ገብስ ከመስጠት በቀር አይነካውም። ጥር ላይ ፈረሰኞቹ ለዓመታዊ በዓላቸው ሰልፍ ሲወጡ እንዳይጠብቁት ለሁሉም ነገረ።

ምክንያቱ ለእኛ አገር ሰው ግልጽ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸውን ሰጥተው በሁለት ዓይን ያዩናል። ሰይጣን፣ ገራፊዎቹና ከሃዲው ግን በጎን ነው የሚሣሉት፤ በአንድ ዓይን። አባቴ ፊደል ሳይቆጥር ያንን ግድግዳ ማንበብ ያውቅ ነበር። «ከእነዚያ ጋር ተሰለፍሁ» አለኝ አንድ ቀን፣ ቀልድ አስመስሎ።

እኔ የምኖረው ዳንግላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እመጣለሁ። ብዙ ያነበበ ሰው ለማንኛውም ኀዘን መጽሐፍ ያዝዛል፤ የእኛ ዓይነቶቹ በሽታ ነው። የድሮ የሕንድ ቤተ መንግሥት ሥዕሎችን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቼ ነበር። ስለ እነዚህ ሥዕሎች የሚጽፉ ሰዎች ወርቁንና ዕንቁውን አድንቀው አይጠግቡም። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሥዕሎቹ ለግድግዳ አልተሠሩም። ጭን ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ፊቱን አስጠግቶ፣ ዝም ብሎ እንዲያያቸው ነው የተሠሩት። ሠዓሊው በቀጭን ብሩሽ የንጉሡን ጢም አንድ በአንድ አውጥቶታል። ንጉሡም በጎን ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት የክብር ሥዕል እንዲያ ነበር፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን፣ በራሱ ዙሪያ የብርሃን አክሊል። አክሊሉን ከአውሮፓ በመጡ የቅዱሳን ምስሎች ላይ አይተው ነው ለራሳቸው ያደረጉት። ነገሥታት አያፍሩም።

መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀመጥሁለት። አንድ ገጽ አየ፣ ሌላ ገለጠ፣ ሌላም ገለጠ። ከዚያ ዘጋው።

«ይህን ሁሉ ክፉ ሰው ከየት ሰበሰብህልኝ?»

«ክፉዎች አይደሉም አባባ፤ ነገሥታት ናቸው። በአገራቸው የተከበረ ሰው እንዲህ ነው የሚሣለው። አክሊሉን አላዩትም?»

«አየሁት። ሰይጣን አክሊል ሲደፋ ገና ዛሬ አየሁ።» መጽሐፉን መለሰልኝ። «አባትህን ለማጽናናት ሕንድ ድረስ ሄድህ። ደክሞሃል፤ ብላ።»

ስለ አክሊሉ ታሪክ ላስረዳው ሞከርሁ። ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። መጽሐፉን መደቡ ላይ ትቼው ወደ ዳንግላ ተመለስሁ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ መጥቼ ሳለሁ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት ሲጋልብ የኖረ ጓደኛው ከግምጃ ቤት ከተማ በፈረስ መጣ። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ዘንድሮ አልወጣም ብለሃል አሉ?»

«በግማሽ ፊት ወጥቼ ምን ልሁን?»

«ሙሉ ፊት እያለህስ ማን አየህ? ሰው የሚያየው ፈረሱን ነው። አንተስ ብትሆን በሁለት ዓይንህ ከእኔ ፈረስ ጭራ በቀር ምን አይተህ ታውቃለህ?»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። ከሆስፒታል ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጓደኛው መደቡ ላይ ሲቀመጥ መጽሐፉን አገኘው። እያገላበጠ ሄዶ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ንጉሥ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ፈረሱ ከሆዱ በታች እስከ ሰኮናው በቀይ ቀለም ተነክሯል።

«ኧረ ይህ ፈረስ እንሶስላ ሞቋል! ሙሽራ ነው እንዴ?»

«እስቲ አምጣው» አለ አባቴ።

ከዚያ በአገውኛ ቀጠሉ፤ የፈረስ ነገር ሲሆን አማርኛ አይበቃቸውም። አንገቱ ወፈረ፣ እግሩ ቀጠነ፣ ልጓሙ ጠበቀ ተባለ። ጓደኛው ሠዓሊው ፈረስ አያውቅም አለ። አባቴ ያውቃል አለ። ጆሮውን ተመልከት፤ ወደ ኋላ አዙሮ የጋላቢውን ድምፅ እየሰማ ነው።

ጣቱን ፈረሱ ፊት ላይ አደረገ።

«ፈረሱም በአንድ ዓይን ነው» አለ፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ።

«ፈረስ በጎኑ ነዋ የሚያምር። ከፊት ቢሥሉት አህያ ይመስላል።»

«የፈረሱስ ሌላው ዓይን በዚያ በኩል አለ እንበል።» ጣቱ ወደ ንጉሡ ተሻገረ። «የዚህ ሰውዬ መኖሩን በምን ታውቃለህ?»

ጓደኛው ጎንበስ ብሎ አየ። «አላውቅም» አለ። «ንጉሥ መሆኑን ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ።»

አባቴ ያንኑ ገጽ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ጓደኛው ሊሄድ ሲነሣ ሊሸኘው ወጣ፤ ጋቢው ትከሻው ላይ ነበር።

ጥር ላይ ወጣ። ከሰልፉ ቀኝ ዳር፣ በዳማ ፈረሱ፣ ቀኝ ፊቱን ለሰው ሰጥቶ። በግራው ጓደኛው ተጠግቶት ይጋልባል። ፊቱን አልሸፈነም። ከሕዝቡ መሐል ቆሜ ሳየው፣ ያ መጽሐፍ ሊነግረኝ የፈለገው ምን እንደ ነበር የገባኝ መሰለኝ፤ አንድ ሰው ግማሹን ብቻ ሰጥቶ ምንም አይጎድለውም።

ስልክ የያዙት ግን «አባባ፣ ወደዚህ ይዙሩ! ፊትዎን ያሳዩን!» ይሉ ጀመር። አንድ ጎልማሳ ሮጦ ከፈረሱ ፊት ገባ፣ ስልኩን ወደ ግራ ፊቱ ደቀነ። አባቴ ልጓሙን ያዘ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ጓደኛው ጮኾ ሰውየውን ሲያባርር፣ አባቴ ፈረሱን መልሶ ከሰልፉ ወጣ። ማታ ቤቱ ስደርስ ፈረሱን እያሸ ነበር።

በሚመጣው ጥር ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ለበዓሉ እንጅባራ ከመጣችሁና በሰልፉ ቀኝ ዳር በዳማ ፈረስ የተቀመጠ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ዙርልን አትበሉት። ከፊቱ አትግቡ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ በቀኙ ቁሙ፣ እዩት።