ከመኪናዋ ስር የሚጎተተው
ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ሌሎች መካኒኮች ሞተር ፈተው የሚያገኙትን ብልሽት እሱ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ በማዳመጥ ብቻ ይደርስበት ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ግማሽ አካሉ ከዳው። ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት፤ እግሩም እየጎተተም ቢሆን መታዘዝ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን እንቢ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ማየት አስጠላው። ስልክ አያነሳም፤ ጠያቂ ሲመጣ ሚስቱን «ተኝቷል በያቸው» ይላታል። ቤት መዋል ደግሞ ለእሱ ዓይነቱ ሰው እሾህ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ከወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ቁጭ ብድግ ሲል ይመሻል። የግድግዳ ሰዓቱን በግራ እጁ ሁለት ጊዜ ፈቶ ገጥሞታል። ሰዓቱ ምንም አልሆነም ነበር።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ አሮጌዋን መኪናቸውን እየነዳች ሥራ ትመላለሳለች። ዝናብ በበረታበት ሳምንት ሰኞ ቀን ስትመለስ፣ ገና መታጠፊያው ጋ ሳለች ሰማት። አንድ ነገር አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተታል፤ በዚያ ላይ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያፏጫል። ከዘራውን ይዞ ደጅ ወጣ።

«ከሞተሩ ስር ያለው ፕላስቲክ ተቀዷል» አላት ሳትወርድ። «ውሃ ሽቅብ እየተረጨ ቺንጋውን እያራሰው ነው።»

«መጀመሪያ እንደምን ዋልሽ ይባላል።»

«የት አጋጨሽው?»

«ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ጉብታ ነው። ቅዳሜ ጋራዥ አሳየዋለሁ፤ አሁን እግሬን ልዘርጋ።»

ቅዳሜ ሩቅ ነበር። ረቡዕ በሽቦ አሰረችው፤ ሐሙስ ሽቦው ተበጠሰ። እሷ ከወጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ፕላስቲኩ ጎማ ስር ሲገባ፣ መኪናዋ ስትንሸራተት በዓይነ ሕሊናው እየታየው መቀመጫ አጣ። በጠዋት ሦስት ጊዜ ደወለላት።

«ደርሻለሁ አልኩህ እኮ! በሽተኛ ይዣለሁ።»

«ሽቦውስ?»

«እግዜር ያሳይህ፣ አሁን የምትጠይቀው የማንን ጤና ነው? የእኔን ወይስ የመኪናዋን?» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ዕለት ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ከሚሸጥ ሰው ደህና ፕላስቲክ ገዝታ መጣች። ነገር ግን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።» ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳችው። «ሻጩ ማን ላከሽ አለኝ። ጆሮ ነው፣ ባሌ አልኩት። ሰውዬው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ነፍሱን ይማረው ብለን ጨርሰን የለም እንዴ አለኝ።»

ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄኔ ነው!» እሱም ሊስቅ ሞክሮ ተወው። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ጠዋት መኪናዋን ጋራዥ ልትወስዳት ቁልፉን ስታነሳ በሩ ላይ ቆመባት።

«እዚሁ ይሠራል።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«አንቺ ነሻ! የሰው ቁስል ስትሰፊ እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ይሄ ቡሎን ማሰር ነው።»

የፊት ጎማዎቹን ሁለት ወፋፍራም ጣውላዎች ላይ አወጣች፤ የእጅ ፍሬኑን ይዛ የኋላዎቹን በድንጋይ ደገፈች። የእሱን አሮጌ ቱታ ለብሳ፣ ካርቶን አንጥፋ ከስር ገባች። እሱ በርጩማ ላይ ሆኖ መፍቻ ያቀብላል።

«ከግራ ጀምሪ።»

«በማን ግራ?»

«በመኪናዋ!»

«እሷ በሆዷ፣ እኔ በጀርባዬ ተኝተን የማን ግራ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

የተቀደደው ፕላስቲክ የዓመት ጭቃውን ፊቷ ላይ ዘርግፎ ወረደ። አዲሱን ማንሳት ግን ከበዳት። በአንድ እጇ ስትደግፈው በሌላው ቡሎኑ አይያዝላትም፤ ሲያዝላት ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ደረቷ ላይ ይወድቃል። ሦስቴ ወደቀ።

«ሦስት እጅ ይፈልጋል!» ብላ ጮኸች።

ብድግ አለ። ተቀመጠ። እንደገና ብድግ አለና ከዘራውን ወርውሮ እንደ ጆንያ መሬት ላይ ዘፍ አለ። በክርኑ እየተሳበ አጠገቧ ገባ።

«ምን ልትሆን ነው ሰውዬ? ትሰበራለህ!»

«የቱ ጋ ነው የሚደገፈው?»

በግራ መዳፉ ሽቅብ ገፋው። «መጀመሪያ ሁሉንም አስይዢ፤ አንዱንም እንዳታጠብቂ» አላት፤ ድምፁ የድሮው የጋራዥ ድምፅ ሆነ። አንደኛው ቀዳዳ ስለሰፋ ሰፊ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አስገባችበት። ቀኝ እጁም ከግራው ጎን ፕላስቲኩ ላይ አርፏል፤ ይግፋ ይደገፍ እሱም አላወቀም። የመጨረሻው ቡሎን ሲጠብቅ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው ያለከልኩ ነበር። ሲወጡ ቀበቶውን ይዛ ጎተተችው፤ እየሳቀች ሁለቴ ለቀቀችው።

ከዚያ ለሙከራ ወጡ። ኩሬ ባየች ቁጥር ሆን ብላ ታልፍበታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። የሚፍቅ የለም፤ የሚያፏጭ የለም።

«ልመለስ?»

«አይ፣ ንጂ።» ጉልበቱን ያሻሻል። «ወደ ጋራዡ ንጂ።»

«እንደዚህ ተጨማልቀህ?»

«ታዲያ በሱፍ ሊያዩኝ ነው?»

በሩ ላይ ስታቆም አልወርድም ሊል ምንም አልቀረውም። በግራ እጁ እጀታውን ይዞ ቆየ። በመጨረሻ ወረደ። መጀመሪያ ያየው የድሮ አለቃው ነበር፤ የያዘውን ጨርቅ ጥሎ በዚያ ሁሉ ጭቃ ላይ አቀፈው።

ከሰኞ ጀምሮ ሚስቱ ሥራ ስትሄድ እዚያ ታወርደዋለች። አለቃው ወንበር አዘጋጅቶለታል፤ አንድም ቀን ግን አልተቀመጠበትም። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እግሩን እየጎተተ ሲዞር ይውላል። ማታ ልትወስደው ስትመጣ ጡሩንባ ትነፋለች፤ እሱ ከውስጥ «አንድ አፍታ!» ይላል፤ እሷም አፍታው ስንት እንደሆነ ስለምታውቅ ሞተሩን ታጠፋለች።