ለሌሊት ወፎች የተሟገቱት መምህር ይመር

መምህር ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት መካነ ሰላም ገበያ መሃል ነው። ዘንቢሌን አስቀምጬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱ ቀበርናቸው። ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ላመሰግናቸው ብቻ አይደለም፤ የበደልኳቸው በደል አለብኝና።

ሳይንስ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ክፍል ውስጥ አይበረክቱም ነበር። ከከተማው በታች ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ደን ይዘውን ይወርዱና ቁልቁል የተንጠለጠሉትን ትልልቅ የሌሊት ወፎች ያሳዩናል። ትንኝ የሚያድኑት ትንንሾቹ የሌሊት ወፎች በጆሮ ሲመሩ እነዚህ በዓይንና በአፍንጫ ፍሬ እንደሚፈልጉ፣ ጭማቂውን መጥጠው ቃጫውን እንደሚተፉ፣ ዘሩንም እየበረሩ በየሸለቆው እንደሚበትኑ ያስረዱን ነበር። ግልገሏን ደረቷ ላይ አጣብቃ የምትበር ካዩማ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ወፍ እንዳትሏት፤ የምታጠባ እናት ናት» ይሉናል። እኛ እንስቅ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ረሃብ መጣ። እኔ ትምህርቴን ትቼ፣ ተድሬ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ይዤ ነበር። አንድ ጠዋት መምህር ይመር ደኑ ውስጥ ትኩስ የተተፋ ቃጫ አነሱ፤ በጣታቸው ፈትገው የሾላ ፍሬ መሆኑን አወቁ። በእኛ አካባቢ ሾላ ያለው ዓባይ በረሃ ብቻ ነው፤ እዚያ በስሏል ማለት ነው። ቤት ለቤት ዞረው ነገሩን፤ ወርደን አገኘነው። ስንቱ ቤተሰብ በዚያ ሾላ ነፍስ እንደዘራ እግዜር ይወቀው።

ፍሬው ሲመናመን ግን ሰዉ ይሻሙናል ብሎ የሌሊት ወፎቹን በወንጭፍ ማባረር ጀመረ። መምህር ይመር ከሾላው ሥር ቆመው ለመኑን። ያገኘነው በእነሱ ነው፣ ነገም ሾላ የሚዘሩልን እነሱ ናቸው አሉ። አብዮቱ ገና መግባቱ ነበርና አንድ ከከተማ የመጣ ጎረምሳ አድኃሪ ብሎ ሰደባቸው። እርሱስ ይሁን፣ ጎረምሳ ነው። የእኔ ግን ባሰ። ልጄ እቅፌ ውስጥ አንገቱን ማቅናት አቅቶት ሳየው ደሜ ፈላ።

«ወልደው ቢያውቁ ኖሮ ለሌሊት ወፍ አይሟገቱም ነበር» አልኳቸው፣ በሰው ፊት።

ልጅ እንዳላገኙ፣ በስንት ጠበል እንደተንከራተቱ አገር ያውቃል። በማግሥቱ የራሳቸውን ድርሻ ሾላ በነጠላቸው ቋጥረው ደጄ መጡ። «አብሽሪ፤ ልጁን አብዪው» ብለው ሳይቀመጡ ተመለሱ።

የሌሊት ወፎቹ ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ደኑ አልተመለሱም። እርሳቸው ባገኙኝ ቁጥር ስለ ልጄ ይጠይቁኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። መንገደኛ አስቁመው ስለ ሌሊት ወፍ የሚያወሩት ሰው ለእኔ ግን አንድ ቃል አንስተውልኝ አያውቁም። አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስንቴ ደጃቸው ደርሼ በኀፍረት ተመለስኩ፤ ነገ ነገ ስል ዕድሜያቸው አለቀ።

ጋሼ ይመር፣ ዛሬ ደፈርኩ፤ እርስዎ ግን አይሰሙኝም። ቃሬዛዎን ከፊት ሆኖ የተሸከመው ያ በሾላዎ የተረፈው ልጄ ነው። ተለዋጭ ሲመጣለት እንቢ አለ፤ ከትከሻው ሲያወርድዎም «አባቴ» እያለ አለቀሰ። እዚያ ቆሜ ስሰማው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ወልደዋል፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።