የሳንባ አየር

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ፣ «መምህር፣ የሳንባ ምስል ለማንሳት የሚዘጋጀው ጋዝ ለምን በሲሊንደር ተሞልቶ ወደ አገራችን አይመጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱን መቀጠል አቃተኝ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጀርመን አገር ተማሪ ነበርኩ። ሥራችን ጋዝን በሌዘር ብርሃን ማንቃት ነበር። የነቃውን ጋዝ በሽተኛው ሲስበው፣ በማግኔት የሚሠራው ትልቁ መሣሪያ አየር የደረሰበትንና ያልደረሰበትን የሳንባ ክፍል ለይቶ ያሳያል። የነቃው ጋዝ ጉልበት ግን እንደተመረተ መድከም ይጀምራል። ወንድሜ ይህን ሁሉ ትቶ፣ ለአርባ ምንጭ ዘመድ ሁሉ «የሳንባ አየር ይሠራል» ብሎ አወራ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ዕድሜ ልኩን የጥጥ ብናኝ ሲስብ ኖሮ ትንፋሽ አጠረው። ክረምት ላይ ልጠይቀው ወደ አርባ ምንጭ መጣሁ። ከምዕራብ ዓባያ ወዲህ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጫኖ ስንደርስ በአውቶቡሱ መስኮት ሙዝ ገዛሁለት። ቤት ደርሼ ስሰጠው አንዱን እንኳ ሳያርፍ መጨረስ አልቻለም። ድሮ ሽመናውን ትቼ ስሄድ ክፉ ቃል ተነጋግረን ነበር የተለያየነው።

በማግስቱ አጎቴ ከሽማግሌዎች ጋር ለምለም ሳር ይዞ መጣና ፊቴ ተንበረከከ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ሳር ይዞ የለመነን ሽማግሌ እምቢ ማለት አይቻልም።

«ልጄ፣ አባትህ የተናገረህን ተውለት» አለኝ። «አየሩን አትከልክለው።»

ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ ጋዙ እኮ አያድንም፤ ሳንባን ያሳያል እንጂ። ደግሞ እዚህ ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቃል» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቂመኛ ሰበብ አያጣም እያሉኝ እንደሆነ ገባኝ። ምን ላድርግ? ሳሩን ተቀብዬ አባቴ አልጋ ሥር ተንበረከክሁ።

«አባዬ፣ ቂም የለኝም።»

አባቴ አለቀሰ፤ ግንባሬን ሳመኝ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅነው።

«እንግዲህ ታረቅን» አለ። «አየሩ መቼ ይመጣል?»

አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። እስከዚያ ድረስ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ገባ በተባለ ቁጥር ወደ በሩ ያይ ነበር።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ትክክል ነው፤ ያኔም ትክክል ነበር። አባቴ ግን አየሩን እየጠበቀ ይሙት፣ ወይስ እንደከለከልኩት እያሰበ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻለኝም አላውቅም።