ለአባቴ ሞተር የቆረጥኩት መዳብ

አባቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት አንዲት አሮጌ ሴይቼንቶ ይዞ መጣ። ይዞ መጣ ስል እየነዳ አይደለም። አንድ ፒክአፕ በገመድ እየጎተተ ከነፋስ ስልክ ዋና መንገድ ወደ ሰፈራችን ኮረኮንች ሲያስገባት፣ እሱ መሪዋን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችውና፣ «ደግሞ ይቺን ከየት አመጣት?» አለች። የድሮ የሥራ ባልደረባው ግቢ ውስጥ ለዓመታት ሣር በቅሎባት የቆመች መኪና ነበረች። ሰውየው ቦታውን ለቤት መሥሪያ ሲፈልገው «ከወሰድካት ውሰዳት» ብሎ ሰጠው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ትዳሬ ፈርሶ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ፣ የፊተኛዋን ክፍል ይዤ ልብስ እሰፋ ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሚዜ ቀሚስ፣ ማሳጠር የሚፈልግ ሱሪ። አባቴ ለምን እንደተመለስኩ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። የመጣሁ ዕለት ሻንጣዬን ተቀብሎ አስገባና የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብና ስለ መብራት መጥፋት ካልሆነ ብዙም አናወራም።

ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የሴይቼንቶዋን ሞተር አውርዶ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ፈታታው። እያንዳንዱን ዕቃ በነጭ ጋዝ እያጠበ ከእኔ ክፍል በወሰደው ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ለአንዲት ደንበኛ ያስቀመጥኩት የገበርዲን ቁራጭ ጠፍቶኝ ስፈልግ፣ ፒስተኖቹ ተኝተውበት አገኘሁት። የፒስተን ቀለበቶቹን ለወጠ። የሞተሩ ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ ተጣሞ ስለነበር ሰፈራችን ያለው ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን አስላገው። ሁለት ወር ሙሉ ሲያፏጭ ሰማነው። እናቴ «ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም» ትል ነበር።

ሁሉንም ገጥሞ የጨረሰ ዕለት ጠራኝ። «ነይ እስቲ፣ አዙሪውና እይው።»

ትልቁን ቁልፍ ሞተሩ ፊት ለፊት ያለው ብሎን ላይ አስገብቶ ሰጠኝ። ገፋሁት። ትንሽ ዞረና «ቀጭ» ብሎ ቆመ። ወደ ኋላ መለስኩትና እንደገና ገፋሁ። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

«ልቀቂው! ልቀቂው!» አለ አባቴ። እሱም ሞከረው። ብረት ብረትን ሲነካ ይሰማል።

ቴስታታውን ሲያወልቀው ሞተሩ በአንድ እጅ ይዞራል፤ መልሶ ሲያስረው ይቆማል። የውስጡን ሰንሰለት በተሳሳተ ጥርስ ላይ ያሰረው መስሎት ገልጦ አየው፤ ምልክቶቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ዳሱ ሥር ሄዶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ፉጨቱ ቆሟል። ምሳ ሲጠራ «መጣሁ» ይልና አይመጣም።

እኔ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። ግን ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ «አባዬ፣ ልብስ ሲጠብ መጀመሪያ የት ቦታ እንደያዘ ነው የምናየው። ይሄስ የቱ ጋ ነው የሚነካው?» አልኩት።

«ተዘግቶ እንዴት ይታያል? ቫልቩ ከላይ ይወርዳል፣ ፒስተኑ ከታች ይወጣል። መሀላቸው ክፍተት መኖር አለበት። የጠፋው እሱ ነው መሰለኝ።» ትንሽ አሰበና፣ «ለስላሳ ነገር ፒስተኑ ላይ አድርገን ብንዘጋው፣ የጨፈለቀውን እናይ ነበር» አለ።

ሊጥ አልኩ፣ ይጣበቃል አለ። ጭቃ አልኩ፣ አሸዋ አለው አለ። ጧፍ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን የገዛችው አንድ እሽግ ጧፍ ሣጥኗ ውስጥ ነበር።

«የማርያምን ጧፍ ለሞተር?» ብላ ጮኸች። ግን አባቴን በመስኮት ስታየው ቆየችና ሁለት አውጥታ ሰጠችኝ። «ሲነዳት ማርያምን ይሳለምባታል በቃ።»

ክሩን መዝዤ ሰሙን በእጄ እያሞቅሁ ጠፈጠፍኩት። አባቴ ዘይት ቀባ አድርጎ ፒስተኑ ላይ አስቀመጠው፤ ቴስታታውን አሰረና ቀስ ብሎ አዞረው። አሁንም ያ ቦታ ጋ ሲደርስ ያዘ። ፈትቶ ሲያነሣው ሰሙ ላይ የቫልቩ ክብ ተቀርጾበታል፤ መሀሉ ተበስቶ ብረቱ ይታያል።

ሰሙን በጨርቅ ጠቅልለን ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለሙያው አባቴን በጣም የሚያከብር፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሰሙን አገላብጦ አየ። የቴስታታውን ውፍረት ለካ። ከዚያ ወደ እኔ አየና አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ብዙ ተልጓል» አለ።

«አንተ አይደለህ የላግኸው?»

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስልገው በቅቶት ነበር። እርስዎ ጭረት ቀርቷል ብለው መልሰው አመጡት። አልታየኝም፤ ግን ከእርስዎ ጋር መከራከር ከበደኝና ደገምኩት።»

አባቴ ቴስታታውን ተቀብሎ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደው። አራቀው፣ አቀረበው። አውራ ጣቱን ፊቱ ላይ ደጋግሞ አሸው።

«ያን ጊዜም ጣቴ ምንም አልነገረኝም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔን አመንኩ። ለካ የደከመው ዓይኔ ነው።»

ባለሙያው እንዳልሰማ ሆኖ ብረት መሞረድ ጀመረ።  አባቴ ግን ራሱ ዞሮ፣ «እሺ፣ አሁን እንዴት እናድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን አባቴን ይበልጥ የወደድኩት ለዚህች ጥያቄው ነው።

መፍትሔው መዳብ ሆነ። በሞተሩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ስስ ነው፤ ከሥሩ የመዳብ ሉህ ብንጨምር ቴስታታው ከፍ ይላል፣ ክፍተቱም ይመለሳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ በሚኒባስ ሄደን፣ ባለሙያው በነገረን ውፍረት ፈልገን አገኘን። አባቴ ከሰል ላይ እስኪቀላ አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ ብረት መሆኑን ረስቶ ለሰለሰ።

«በይ፣ መቁረጡ ያንቺ ሥራ ነው» አለኝ። «የእኔ ዓይን እስካሁን ያጠፋው ይበቃዋል።»

ወረቀት ሞተሩ ላይ አንጥፌ በጣቴ እያሸሁ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ አወጣሁ። ልክ እንደ ኮሌታ ነው። በቆርቆሮ መቀስ ዙሪያውን ስቆርጥ አባቴ ሉሁን ይይዝልኛል። «የፒስተኑን ቀዳዳ ትንሽ አስፊው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ከገባ ይግላል።»

«እኛም ትርፍ እንለቅለታለን አባዬ፣ ለስፌት።»

ሉሁን አዞረልኝ። ከዚያ ዓይኑን ከመዳቡ ሳያነሣ፣ «ባልሽ ይመታሽ ነበር?» አለኝ።

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። «አይ። ቤት ውስጥ መኖሬን ረስቶት ነበር። ሳምንት ሙሉ አያናግረኝም።»

ሌላውንም ነገርኩት፤ ለማንም ያልነገርኩትን። እየቆረጥኩ፣ እሱም ሉሁን እያዞረልኝ። ስጨርስ፣ «ደህና አደረግሽ መምጣትሽ» አለ። «እኔ መጠየቅ ነበረብኝ። የምጠይቅበት ሰበብ አጣሁ።»

ገጥመን በጧፍ እንደገና ሞከርነው። ሰሙ በምላጭ ሲቆረጥ ወፈር ብሎ ወጣ። ሞተሩ ሙሉ ዙር ዞረ። አባቴ ቫልቮቹን አስተካክሎ፣ ሞተሩን መኪናዋ ላይ ሰቅሎ ሲያስነሣት ግቢው በጭስ ተሞላ፤ እናቴ የታጠበ ልብስ ለማንሣት ሮጠች። በመዳቡ ጠርዝ በኩል ውኃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን ደግሞ አጠበቃቸውና ውኃው በማግሥቱ ቆመ።

አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዓይኑ ላይ ሞራ መጀመሩን ነግረውት፣ ለጊዜው መነጽር አዘዙለት። መነጽሩን አድርጎ ከመነጽር ሱቁ ሲወጣ መንገዱን ሳይሆን እኔን ነበር ያየው። «ከስተሻል እኮ» አለኝ።

በዚያ ሳምንት እሑድ ሀና ማርያም ሄድን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ። የሴይቼንቶ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ ድምፁ ወንበሬ ሥር ያንጎራጉራል፣ ሙቀቱ በጀርባዬ ይገባል። ዳገቱ ላይ እህል የጫኑ የላፍቶ ገበሬዎች ከነአህዮቻቸው ሊቀድሙን ምንም አልቀራቸውም።

«ቅዳሴው ሊያልቅ ነው፣ ፍጠን እንጂ!» አለች እናቴ።

«ሞተሩ ገና አዲስ ነው፣ አይቸኮልም» አላት አባቴ፣ ማርሹን ቀስ ብሎ እየቀነሰ።