ሹሩባዬ የተፈታ ቀን

ከአረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሦስተኛውን ጊዜ የወደቅኩት ልጄን እንደታቀፍኩ ነበር። ሕፃኗ ምንም አልሆነችም፤ እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስነካ አለችኝ። ሳጠባት እንኳ ከጎኔ ሆና የምትይዛት እሷ ናት። የገዛ ልጄን!

መካነ ሰላም ያለው ሐኪም «ደሴ ሂጂና የአንጎልሽ ሞገድ ይለካ» አለኝ። ሞገድ የሚለው ለእናቴ አልገባትም፤ ራስ እንደሚታይ ግን ገባት። በማግስቱ ልንሄድ ሹሩባ አሠርታኝ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ ደፋችልኝ። ልጄን አዝላ ተሳፈርን። ቅቤው አቀስታ ላይ በብርዱ ረግቶ፣ ደሴ ስንደርስ በአንገቴ ይወርድ ጀመር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሞገዱን የምትለካው ባለሙያ ራሴን ነክታ እጇን ሰበሰበች። ራስ ላይ የሚለጠፉት የመለኪያው ሽቦዎች ቅቤ ላይ አይጣበቁም።

«ኧረ እማማ! ምን አድርገው አመጧት?»

«ታዲያ ጠጉሯ አመድ መስሎ ሐኪም ፊት ላቅርባት?» አለች እናቴ ኮስተር ብላ።

ሹሩባው ተፈታ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ በሳሙና ሁለቴ ታጠብኩ። ወላሂ፣ ከእኔ ይልቅ ያዘነችው እናቴ ነበረች።

ከዚያ ተጋደምኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ በኃይል ተንፍሺ» ተባልኩ። ፊቴ ላይ ያነጣጠሩት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል በተጨፈነው ዓይኔ ውስጥ ቀይና ቢጫ ፈሰሰ። ሰውነቴ ቀለለኝ። የአገሬ ደጋ ላይ ጉም ይወርዳል፤ ጉሙ ውስጥ ተቀጥሬ የሠራሁበትን የአረብ ቤት ደረጃ እወለውላለሁ፣ አያልቅም። ድንገት ልጄ ደረቴ ላይ ናት፤ ክብደቷ፣ የወተት ሽታዋ። ላቅፋት እጄን አነሳሁ።

«አትንቀሳቀሺ» አለኝ ድምፅ ከሩቅ።

የደሴው ሐኪም ሞገዱ የተሣለበትን ወረቀት ዘረጋልን። አንድ ቦታ ላይ መስመሮቹ ተተራምሰዋል።

«ጂን ነው?» አለች እናቴ።

«አይደለም እማማ፣ የሚጥል በሽታ ነው። መድኃኒቱ ያረጋጋዋል፤ ግን ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ልጅ ይዛ አትቁም። መያዝ ካለባት መሬት ተቀምጣ።»

እናቴ ልክ ነበረች ማለት ነው። ተናደድኩ፤ አፈርኩም። ተነሥቼ ወጣሁ።

በሩን እንዳለፍን እናቴ ቆመች። ሻርፗን አወለቀችና ሰው በሚተላለፍበት መሬት ላይ አነጠፈችው።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

«እዚህ?»

«መሬት አላለም? ይሄው መሬት።»

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ልጄን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረቻትና ሁለት እጆቿን ለቀቀች።